የጠመንጃ ቱቦ የውስጥ ፈር እንዴት ይወጣል? ስለ አሠራር ዘዴዎቹና ስለ ዋጋቸው ልዩነት

ለዒላማ ውድድርና ለአደን የሚሠሩ ጠመንጃዎች የዋጋ ዝርዝር ሲገለጥ፣ ከቱቦው ስም አጠገብ ‹‹ተፍቆ የተሠራ››፣ ‹‹በአዝራር የተሠራ›› ወይም ‹‹ተቀጥቅጦ የተሠራ›› የሚል ቃል ይገኛል። ሻጩ ይህን ቃል ለዋጋው ከፍታ ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ገዢውም ብዙ ጊዜ ትርጉሙን ሳይመረምር ይቀበለዋል። በዚህም ምክንያት አንዱ ለስም ብቻ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፤ ሌላውም በርካሽ የሚገኘውን ደኅና ዕቃ ‹‹ዘዴው ዝቅተኛ ነው›› ብሎ ይተወዋል።

ጠመንጃና ጥይት ያለ መንግሥት ፈቃድ የማይነገድባቸው ዕቃዎች ናቸው። በኢትዮጵያም ጉዳዩ የሚመራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ስለ ሆነ፣ በዚህ ንግድ በቀጥታ የሚሰማሩት ጥቂቶች ናቸው። ይሁን እንጂ አንድን የብረት ሥራ ዕቃ በአሠራሩ ስም ሳይሆን በልኩና በጥንቃቄው መመዘን ለአስመጪም ለባለሱቅም የሚጠቅም ዕውቀት ነው። የጠመንጃ ቱቦም ለዚህ የተመቸ ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፈሩ ጥቅም

በቀድሞ ዘመን የጠመንጃ ቱቦ ውስጡ ልሙጥ ነበር። ከልሙጥ ቱቦ የሚወጣ አረር በአየር ላይ እየዋለለ ስለሚሄድ፣ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ዒላማን መምታት ወደ ዕድል ጨዋታ ይጠጋ ነበር። በ15ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀርመንኛ በሚነገርባቸው አገሮች የነበሩ ብረት ሠሪዎች በቱቦው ውስጥ ፈር ማውጣት ጀመሩ። ፈሩ ጠመዝማዛ በሆነ ጊዜ አረሩ ፈሩን ተከትሎ እየሾረ ይወጣል፤ እየሾረም ስለሚሄድ እንደ እንዝርት ሚዛኑን ይጠብቃል።

በፈርና በፈር መካከል ሳይነካ የሚቀረው ከፍታ እንደ አትክልት መደብ ስለሚመስል በዚህ ጽሑፍ ‹‹መደብ›› ተብሏል። የፈሩ ጥልቀት በተለመዱት ጠመንጃዎች ከሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት ብዙ አይበልጥም። ከዚህ የምትቀጥን ስሕተት በዒላማው ላይ ትታያለች። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ያሰበ ሰው የጥንቃቄውን መጠን ይገምታል።

ፈሩ አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅበት ርዝመት ‹‹የመጠምዘዝ ልክ›› ይባላል። አረሩ ረጅምና ቀጭን በሆነ መጠን ፈጥኖ መሾር አለበት። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ግሪንሂል በ1879 ለዚህ ቀላል ደንብ አወጣ። የአረሩ ርዝመት የውፍረቱ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ ተቈጥሮ፣ 150 በዚያ ቍጥር ሲካፈል የመጠምዘዙ ልክ በአረሩ ውፍረት ተሰልቶ ይገኛል። ለምሳሌ ውፍረቱ 7.8 ሚሊ ሜትር የሆነ አረር ርዝመቱ የውፍረቱ 3 እጥፍ ቢሆን 39 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ 4 እጥፍ ቢሆን ግን 29 ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ዙር መዞር ይገባዋል። እንግዲህ እጅግ የተዋጣለት ቱቦ እንኳ ለማይስማማው አረር ቢሰጥ ሥራው ከንቱ ይሆናል።

ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ብሎን የሚሸጡ ነጋዴዎች ‹‹ዊትወርዝ›› የሚለውን የጥርስ ልክ ስም ያውቁታል። ይህን ልክ በ1841 ያወጣው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ ኋላ የጠመንጃን ቱቦ ወደ ማጥናት ዞረ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ይይዘው የነበረው ኤንፊልድ የተባለው ጠመንጃ ሦስት ፈር የነበረው ሲሆን፣ ፈሩ በ198 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አንድ ጊዜ ብቻ ይዞር ነበር። በ1868 ወደ መቅደላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር የያዘው፣ በአገራችንም ‹‹ስናድር›› የተባለው ጠመንጃ መጀመሪያ የተሠራው የዚሁ የኤንፊልድ የኋላ ክፍል ተለውጦ ነው።

ዊትወርዝ ውስጡ ባለ ስድስት ማዕዘን የሆነ፣ በ51 ሳንቲ ሜትር አንድ ጊዜ የሚዞር ጠባብ ቱቦ ሠራ። በ1857 በተደረገው የመንግሥት ፈተና በ457 ሜትር ርቀት የኤንፊልዱ አማካይ ስሕተት 68 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የዊትወርዙ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆነ። በ1860 በዊምብልደን የተኩስ ውድድር በተከፈተ ጊዜ ንግሥት ቪክቶሪያ በማስደገፊያ ላይ በተጠመደ የዊትወርዝ ጠመንጃ በ366 ሜትር ርቀት ተኩሰው ከዒላማው መካከል ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ መታ።

ይሁን እንጂ ጦሩ የዊትወርዝን ጠመንጃ አልተቀበለውም። ዋጋው የኤንፊልዱ አራት እጥፍ ያህል ከመሆኑም በላይ፣ ጥቁሩ ባሩድ በሚተወው ዝቃጭ ጠባቡ ቱቦ ቶሎ ይቈሽሽ ነበር። ሌላው እንግሊዛዊ ዊልያም ሜትፎርድ ይህን ችግር በጥልቀቱ አነስተኛ በሆነና ጠርዙ በለሰለሰ ፈር አቃለለው፤ በ1888 የወጣው ሊ ሜትፎርድም ሰባት እንዲህ ያሉ ፈሮች ነበሩት። ነገር ግን ኮርዳይት የተባለው ጭስ የማያበዛ አዲስ ባሩድ ሲመጣ፣ ከፍተኛ ሙቀቱ እነዚያን ስስ ፈሮች ፈጥኖ በላቸው። በ1895 የወጣው ሊ ኤንፊልድ ስለዚህ አምስት ጥልቅ ፈሮች እንዲኖሩት ተደረገ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የፈሩ ቅርጽና ፈሩ የሚወጣበት ዘዴ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባለ ብዙ ማዕዘን፣ ባለ ስስ ፈር ወይም ባለ አምስት ፈር ማለት ቅርጹን መናገር ነው። መፋቅ፣ በአዝራር መጫን፣ መቀጥቀጥ ደግሞ ዘዴ ነው። አንዳንድ ሻጮች ሁለቱን አደባልቀው ስለሚናገሩ ገዢው ለይቶ መጠየቅ ይገባዋል።

የመፋቅ ዘዴ

በሁሉም ዘዴ የመጀመሪያው ሥራ አንድ ነው። ድፍኑ የዐረብ ብረት ዘንግ በረጅም ትራፓኖ ይበሳል፤ ቀዳዳውም ይለሰልሳል። ይህ ሥራ ጠማማ ሆኖ ከተገኘ ኋላ የሚመጣው ሥራ ጉድለቱን ለማረም ይቸገራል።

የመፋቅ ዘዴ ከሁሉ የቀደመው ነው። በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ነጠላ ጥርስ፣ ዘንጉ እየዞረ በቱቦው ውስጥ ሲሳብ ከብረቱ ላይ እጅግ ስስ ሽፋን ይፍቃል። በአንድ ጉዞ የሚነሣው ከሚሊ ሜትር ሺህኛ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ያህል ነው። አራት ፈር ያለው፣ የፈሩም ጥልቀት ከሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ የሆነ ቱቦ ለመፈጸም ጥርሱ ከመቶ በላይ ጉዞ ማድረግ አለበት፤ ለውድድር የሚሆነውን ቱቦ ለመፋቅ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ብረቱን የማያስጨንቅ መሆኑ ነው። የሚነሣው ጥቂት በጥቂት ስለ ሆነ በብረቱ ውስጥ አዲስ ውጥረት አይታመቅም። ሠሪውም የመጠምዘዙን ልክ ለመለወጥ ሲፈልግ ማሽኑን ማስተካከል እንጂ አዲስ መሣሪያ ማሠራት አያስፈልገውም። ከ1861 እስከ 1950 የኖረው አሜሪካዊው ሃሪ ፖፕ በዚሁ ዘዴ በሠራቸው ቱቦዎች እስከ ዛሬ በዒላማ ተኳሾች ዘንድ ይታወሳል። በዘመናችንም በአሜሪካ የክሪገርና የባርትላይን ፋብሪካዎች በዚሁ ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። ጉዳቱ ጊዜው መርዘሙና የሠራተኛ ዋጋው መክበዱ ነው፤ የደነዘዘ ጥርስ ወይም ቸልተኛ ሠራተኛም ሥራውን ያበላሸዋል።

የመላጊያና የአዝራር ዘዴ

ጊዜውን ለማሳጠር የታሰበው አንዱ መንገድ ረጅሙ መላጊያ ነው። ይህ ዘንግ በተከታታይ ብዙ የጥርስ ቀለበቶች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቀለበት ከፊተኛው ጥቂት ይበልጣል። በአንድ ጉዞ ሁሉንም ፈሮች ፍቆ ይወጣል። ለብዙ ምርት የተመቸ ነው፤ ነገር ግን መላጊያውን መሥራትና መሳል ከባድ ወጪ አለው።

የአዝራር ዘዴ ግን ከዚህ በባሕርዩ ይለያል። ‹‹አዝራር›› የሚባለው ካርባይድ ከተባለው እጅግ ጠንካራ ቁስ የተሠራ፣ መልኩ የወይራ ፍሬን የሚመስል ትንሽ መሣሪያ ነው። በላዩ ላይ የፈሩ ግልባጭ ተቀርጿል። አዝራሩ ከእርሱ ጥቂት በሚጠብብ ቀዳዳ ውስጥ በኃይል ሲሳብ ወይም ሲገፋ ብረቱን አይቈርጠውም፤ ገፍቶ ቅርጹን ያትምበታል። ሥራው አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ይወስዳል፤ የውስጡም ገጽ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ይሆናል። ይህ ዘዴ በ1940ዎቹ እንዲስፋፋ ካደረጉት መካከል በሬሚንግተን ፋብሪካ የነበረው መሐንዲስ ማይክ ዎከር በስም ይጠራል።

የተገፋ ብረት ግን ተመልሶ ለመዘርጋት ይፈልጋል፤ በውስጡም ውጥረት ታምቆ ይቀራል። ስለዚህ ቱቦው በእቶን ሞቆ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት። ይህ ሳይደረግ የቱቦው ውጭ በቶርኖ ቢቀጥን፣ ቀዳዳው በቀጠነበት በኩል ይሰፋል። የሚቀጥነው ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ አፈሙዙ በኩል ያለው ነው፤ አረሩም በመጨረሻው ሰዓት መያዣ ያጣል። ከዚህም ሌላ የብረቱ ጥንካሬ ከዳር እስከ ዳር አንድ ካልሆነ አዝራሩ በሚዞርበት ጊዜ ሊንሸራተትና የመጠምዘዙን ልክ ሊያዛባ ይችላል። በጎ ሠሪዎች ብረቱን መርጠው፣ አሙቀውና ለክተው ስለሚሠሩ ይህን ጉድለት አስወግደውታል። በአሜሪካ የሺለንና የሊልጃ፣ በጀርመን የሎታር ዋልተር ቱቦዎች በዚህ ዘዴ የሚሠሩና በውድድር የታወቁ ናቸው።

የመቀጥቀጥ ዘዴ

ሦስተኛው ታላቅ ዘዴ ከጦርነት ፍላጎት የተወለደ ነው። ጀርመኖች ለመትረየስ የሚሆን ብዙ ቱቦ በአጭር ጊዜ ለመሥራት ሲፈልጉ፣ የመቀጥቀጫው ማሽን በ1939 በኤርፉርት ከተማ ተሠራ። ከጦርነቱ በኋላ በኦስትሪያ በስታየር ከተማ የሚገኘው ጂ.ኤፍ.ኤም. የተባለው ድርጅት ማሽኑን እያሻሻለ ለልዩ ልዩ አገሮች ሸጠ።

በዚህ ዘዴ ከተፈለገው ቱቦ ያጠረና የወፈረ፣ ቀዳዳውም የሰፋ ብረት ይዘጋጃል። በቀዳዳው ውስጥ የፈሩ ግልባጭ የተቀረጸበት ጠንካራ ዘንግ ይገባል። ከዚያም ከየአቅጣጫው የሚወርዱ ኃይለኛ መዶሻዎች ብረቱን ሳይሞቅ በዘንጉ ላይ ይቀጠቅጡታል። ብረቱ እየቀጠነና እየረዘመ የዘንጉን ቅርጽ ይይዛል። አንድ የአደን ጠመንጃ ቱቦ በሦስት ደቂቃ ያህል ያልቃል። በስታየር ማንሊከር የአደን ጠመንጃዎች ቱቦ ውጭ ላይ የሚታየው ጠመዝማዛ ምልክት መዶሻው የተወው ዱካ ነው፤ ፋብሪካውም እንደ ጌጥ ቈጥሮ ሳይፍቀው ይተወዋል።

የተቀጠቀጠ ብረት ገጹ ጠንካራ ስለሚሆን ዕድሜው ረጅም ነው ይባልለታል። ነገር ግን በውስጡ የሚታመቀው ውጥረት ከአዝራሩም የበለጠ ነው፤ የማሽኑም ዋጋ እጅግ ከባድ ነው፤ ለእያንዳንዱ የቱቦ ዓይነትም የራሱ ዘንግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህን ዘዴ የያዙት እንደ ስታየር፣ እንደ ፊንላንዱ ሳኮና እንደ አሜሪካው ሩገር ያሉ በብዙ ሺህ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ናቸው። ለመንደር ሠሪ የሚሆን አይደለም።

ታዲያ የትኛው ይበልጣል?

በከፍተኛው የዒላማ ውድድር ተፍቀው የተሠሩትም በአዝራር የተሠሩትም ቱቦዎች አሸንፈዋል። ተቀጥቅጠው የተሠሩት ‹‹ለአደን እንጂ ለዒላማ አይሆኑም›› ሲባሉ ቢኖሩም፣ የሳኮ ቲ.አር.ጂ. የተባለው ለረጅም ርቀት የተሠራ ጠመንጃ ቱቦው የተቀጠቀጠ ሲሆን በትክክለኛነቱ የተመሰገነ ነው። እንግዲህ የዘዴው ስም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

ለነጋዴ ግልጽ የሚሆነው ጉዳዩ ከወጪ አንጻር ሲታይ ነው። ፋብሪካ ዘዴውን የሚመርጠው በትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን በሥራው ብዛት ነው። ለአንድ ደንበኛ በልዩ ልክ አንድ ቱቦ የሚሠራ ሰው መፋቅን ይመርጣል፤ ምክንያቱም የመሣሪያ ወጪው ትንሽ፣ የጊዜው ወጪ ብዙ ነው። በመቶዎች የሚሠራ አዝራርን ይመርጣል። በብዙ ሺህ የሚሠራ መቀጥቀጫውን ይገዛል፤ ምክንያቱም ከባዱ የማሽን ዋጋ ለብዙ ቱቦዎች ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ትንሽ ይሆናል። ስለዚህ የተፋቀው ቱቦ መወደዱ ከሁሉ ይልቃል ማለት አይደለም፤ የአንድ ሰው የአንድ ሰዓት ድካም በውስጡ አለ ማለት ነው። የተቀጠቀጠውም መርከሱ ዝቅተኛነቱን አያስረዳም።

ትክክለኛነትን የሚሰጡት በሁሉም ዘዴ የጋራ የሆኑ ነገሮች ናቸው፦ የብረቱ ጥራት፣ የቀዳዳው ቀጥነት፣ የስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ መሆን፣ ውጥረቱ የተለቀቀ መሆኑና የመጨረሻው ምርመራ ናቸው።

ገዢ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

1ኛ፤ ቱቦው ተለክቷልን? በጎ ሠሪዎች በታመቀ አየር በሚሠራ መለኪያ ቀዳዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካሉ። በውድድር ቱቦ ላይ የሚፈለገው ልዩነት ከሚሊ ሜትር ሺህኛ ሁለት ወይም ሦስት እጅ እንዳይበልጥ ነው። ስፋቱ ወደ አፈሙዙ ሲቃረብ በጣም ጥቂት ቢጠብብ ይሻላል እንጂ መስፋት የለበትም።

2ኛ፤ በአዝራር የተሠራ ወይም የተቀጠቀጠ ከሆነ ውጥረቱ በሙቀት ተለቅቋልን? የውጩ ቅርጽስ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ የወጣው? ውጥረት የቀረበት ቱቦ ጥቂት ጥይት ተተኩሶበት ሲሞቅ የመምቻ ነጥቡን ሊለውጥ ይችላል።

3ኛ፤ ውስጡ ተወልውሏልን? የውድድር ቱቦዎች በእርሳስ ቡሽና በማለስለሻ ዱቄት በእጅ ይወለወላሉ። ይህ ሥራ ትንንሽ ሻካራ ቦታዎችን ያስወግዳል፤ ቱቦውም በቶሎ አይቈሽሽም።

4ኛ፤ ጥይት የሚጎርስበትን ክፍልና የአፈሙዙን ጫፍ ማን ሠራው? ሁለቱ ከቀዳዳው ማእከል ጋር ካልተስተካከሉ የቱቦው መልካምነት ይባክናል።

5ኛ፤ የመጠምዘዙ ልክ ገዢው ሊጠቀምበት ካሰበው አረር ጋር ይስማማልን?

6ኛ፤ የማስረጃው ወረቀት ስንት ጥይት ያሳያል? ሻጭ ሦስት ቀዳዳዎች ተጠጋግተው የታዩበትን ወረቀት ሊያቀርብ ይችላል። ሦስት ጥይት በአጋጣሚም ሊጠጋጋ ይችላል፤ ከብዙ ወረቀቶችም መካከል ተመርጦ የቀረበ ሊሆን ይችላል። ዐሥር ጥይት በተከታታይ ተተኩሶ የተገኘ ውጤት የበለጠ ይታመናል። ተኳሾች ‹‹አንድ ደቂቃ›› የሚሉት የማዕዘን ልክ በ100 ሜትር ርቀት 2.9 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ሻጩ ‹‹ከአንድ ደቂቃ በታች›› ሲል ርቀቱንና የጥይቱን ቍጥር አብሮ እንዲናገር መጠየቅ ይገባል።

ለሌላውም ንግድ የሚሆን ትምህርት

ይህ ሁሉ በጠመንጃ ብቻ አይወሰንም። የብሎን ጥርስ ራሱ ወይ ይቈረጣል ወይ በሁለት ቅርጽ መካከል ተንከባሎ ይታተማል። ተንከባሎ የታተመው ብረቱ ስላልተቈረጠ ደጋግሞ የሚመጣን ጭነት ይበልጥ ይችላል፤ በብዛት ሲሠራም ይረክሳል። የተቈረጠው ግን ልዩ ልክ ያለው ጥቂት ብሎን በሚፈለግበት ጊዜ ይጠቅማል። እዚህም ርካሹ ዕቃ ለተፈለገው ሥራ ከውዱ የበለጠ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የማሽን ሲሊንደር፣ የውሃ ግፊት ቱቦና የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጡም ተመሳሳይ ቃላት በካታሎግ ውስጥ ያገኛሉ።

ስለዚህ አስመጪው ከውጭ ፋብሪካ ጋር ሲጻጻፍ ‹‹በየትኛው ዘዴ ተሠራ?›› ብሎ ከመጠየቅ አልፎ፣ ‹‹ልኩ ስንት ነው? ማን ለካው? ማስረጃውስ የት አለ?›› ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የሚከፍለው ገንዘብ ለድካም ይሁን፣ ለማሽን ይሁን ወይም ለስም ብቻ ይሁን የሚለየው ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚያገኘው መልስ ነው። ለዚህ የሚሆን መልስ በጽሑፍ የማይሰጥ ሻጭ ዕቃው ምንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ናሙና ተጠይቆ መለካት አለበት።